ለአማቼ ብዬ የረገጥኳት ማሽን

ጂም የገባሁት ለጤናዬ ብዬ አይደለም። ሞጣ ውስጥ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ «ደም ግፊት ይዞኝ ነው፣ ሐኪም አዞኝ ነው» ስል ከርሜያለሁ፤ ውሸት ነው። ደም ግፊት የለብኝም። የገባሁት የሚስቴን ወንድም ሜዳ ላይ አሯሩጬ፣ ትንፋሹን አስጨርሼ፣ በእናቱ ግቢ በእህቱ ፊት ላዋርደው ነው። ሰው በቂም ይካሰሳል፣ በቂም አገር ጥሎ ይሄዳል። እኔ ስፖርት ሠራሁ።

ነገሩ የተጀመረው አምና፣ በገና ዕለት፣ ቢቸና ነው። እኔም ሚስቴም የቢቸና ልጆች ነን። ሞጣ ላይ ልብስ ስፌት ቤት ከከፈትኩ ብዙ ዘመን ቢሆነኝም ለገና ቀርተን አናውቅም፤ አማቴ ቤት ሄደን እንሰነብታለን። በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ለሁለት ተከፍለው ሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘህ ከእንጨት የተጠረበችውን ጥንግ ወደ ባላጋራህ ድንበር መንዳት ነው። እኔ የላይ ሰፈር ነኝ። የሚስቴ ታላቅ ወንድም የታች ሰፈር ነው፤ እህል ነጋዴ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይቶ የወጣና ያቺኑ ጥቂት እስከ ዛሬ እየመነዘረ የሚኖር ሰው።

አምና ጥንጓ ለእኔ ወጣች። ፊት ለፊቴ ማንም የለም፣ ሜዳው ክፍት ነው። ሮጥኩ። ድንበሩ ላይ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ትንፋሼ ቀጥ አለ። ጉልበቴ አልከዳኝም፣ ሳንባዬ ነው የከዳኝ። መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አማቼ ሆዱን እያንከባለለ መጣና ጥንጓን ከእግሬ ሥር አውጥቶ ወደ እኛ ድንበር ሰደዳት። ተሸነፍን።

መሸነፉስ ባልከፋ። ግን ያሸነፈ ወገን በየቤቱ እየገባ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ሕጉ ነው። ተሰዳቢ ደግሞ መቆጣት የለበትም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ዳኛውንም ቢሰድቡት፣ አለቃውንም ቢሰድቡት ስቆ ያልፋል። አመሻሹ ላይ ታች ሰፈሮች እየጨፈሩ አማቴ ግቢ ገቡ። አማቼ መሀል ገብቶ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሳና እኔን እያየ እንዲህ አለ፦

መቀመጫ ሰጠው የስፌት መኪና፣
ሩጡ ቢባል ጊዜ ቁጭ አለ እንደገና።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም እንደ ሕጉ ጥርሴን አሳየሁ። ግን ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ማን መሰለቻችሁ? ሚስቴ! ግጥሙ ከአፉ ሳይወርድ፣ ሌላው ሰው ገና ሳይገባው፣ ከሴቶቹ መሀል ሆና ከት ብላ ሳቀች። ያውም እጇን እያጨበጨበች። የራሷ ቤት ሲዘረፍ አብራ ዘረፈች! አማቼን በዚያች ደቂቃ ብይዘው ኖሮ በመቀስ ነበር የምቆርጠው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ በማግስቱ ረስቶት «አማቼ፣ በል ብላ እንጂ፣ ቅልጥሙን ላንተ ነው ያስቀመጥኩት» ይለኛል። እኔ ቅልጥሙን በልቼ ቂሜን ይዤ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። ግጥሙ ግን ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ። ለካ ከቢቸና የሚመጡት የእህል ነጋዴዎች ከጤፉ ጋር ጭነው አምጥተውታል። ሳምንት ሳይሞላ ስሜ «ቁጭ አለ» ሆነ። አንዱ የሞጣ ደንበኛዬ ሸሚዝ ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ «ቁጭ አለ፣ ደረሰልኝ?» አለኝ። «ነገ ና» አልኩት። ቁልፉን እንደ ሴት ሸሚዝ በግራ በኩል አድርጌ ሰፋሁለት። ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሲሳቅበት እንደዋለ ሰምቼ ያን ቀን ምሳ አማረኝ።

ደንበኛው ግን ቀላል ነው። የማይወርደኝ የሚስቴ ሳቅ ነበር። ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ ልጠይቅ? «ለምን ሳቅሽ» ብዬ? ወንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ። ወጥ ስታወጣልኝ ፊቷን አያለሁና ያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። በሚቀጥለው ገና፣ በዚያው ግቢ፣ በወንድሟ ላይ እንደዚያው ከት ብላ እንድትስቅ፤ እሱም ሲያያት እንዳይ። ይህን ሳላይ እንዳልሞት ስለት ልገባ ምንም አልቀረኝም፤ ታቦት እንዲህ ያለ ስለት ይቀበል እንደሆን ስለተጠራጠርኩ ተውኩት።

ለዚህ ደግሞ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ትንፋሽ ደግሞ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ አይገኝም።

ሞጣ ከጨርቅ ተራው ጀርባ አንድ ፎቅ ላይ ጂም አለ። ባለቤቱ ገበርና ክር የምገዛበት ሱቅ ባለቤት የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሙስሊም ወዳጄ። የገና ጾም ከገባ ጥቂት ቆይቼ፣ አንድ ማለዳ ሱቅ ሳልከፍት፣ ሰው ሳያየኝ ደረጃውን ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ዩኒፎርም በተረፈ ጨርቅ ለራሴ ቱታ ሰፍቼ ነበር። ወዳጄ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አንተ፣ ስንተኛ ክፍል ገባህ?» አለኝ።

«ጨርቅ ጨርቅ ነው። ትንፋሽ የሚያወጣ ነገር ስጠኝ» አልኩት።

መብራት ጠፍቶ ነበር። በመስኮት የምትታየው የመሮጫ ማሽን፣ እኔም በመንገድ ሳልፍ እያየሁ የጎመጀሁላት፣ ያለ መብራት ሬሳ ናት። ወዳጄ ወደ ጥግ ወሰደኝና ከአንዲት ማሽን ላይ ጨርቅ ገፈፈ። «ይቺ መብራት አትፈልግም፤ በራስህ ጉልበት ነው የምትሄደው» አለኝ። ስሟንም ነገረኝ፤ ኤሊፕ ምናምን ነው ያላት፣ እሱም ምላሱ ላይ ተጠማዘዘችበት። እንዲህ ያለች ነገር አይቼ አላውቅም። ሁለት ረጃጅም መርገጫ አላት፤ ከመርገጫዎቹ ጋር የተያያዙ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሏት፤ ፊቷ ላይ ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነ ትልቅ ክብ ነገር አለ። መቀመጫ የላትም። መቀመጫ አለመኖሩን ሳይ ደስ አለኝ፤ ለአማቼ መልስ ትሆናለች ብዬ።

«እንዴት ነው የምትረገጠው?»

«ምን ጥያቄ አለው፣ ዝም ብለህ ተራመድባት።»

ምክሩን አልሰማሁም። እኔ ማሽን ስረግጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርገጥ ሊያስተምረኝ ነው? ወጣሁና እጀታዎቹን ያዝኩ። እግሬ የሚያውቀውን አደረገ። የስፌት መኪና መርገጫ ላይ እግር ከቦታው አይነሳም፤ ጣትና ተረከዝ እያፈራረቅህ ትጫነዋለህ። እኔም ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ ማለት ጀመርኩ። ማሽኗ ንቅንቅ አልልም አለች። ወዳጄ አፉን በእጁ ሸፈነ። ደሜ ፈላና ባለ በሌለ ኃይሌ በተረከዜ ጫንኳት፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ይዛኝ ሄደች።

ስፌት መኪና ወደ ኋላ ሲዞር ክር ይበጠሳል፤ ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ወደ ኋላ መዞር በጀመረ ቁጥር ቀኝ እጅህ፣ ሳታዘው፣ በቀኝህ ያለችውን መዘውር አፈፍ አድርጎ ያቆማታል። ሃያ ዓመት ያለፈው ልማድ ነው። ቀኝ እጄ እጀታውን ለቀቀና መዘውር ፍለጋ ወደ ጎን ሄደ። መዘውር የለም። የለቀቅሁት እጀታ ሄዶ ሄዶ ተመለሰና ከንፈሬን ነደለኝ። ግራ እጄ ገና አልለቀቀም፤ እግሮቼ ገና እየሄዱ ነው። ደግሞ መዘውሩን ፈለግሁ። ደግሞ መታኝ።

«ልቀቅ! ውረድ! ኧረ ውረድ!» ይላል ወዳጄ። እንዴት ነው የሚወረደው? ቆሜ ስወዛወዝ ደሜ በአገጬ ይወርዳል።

በመጨረሻ ራሷ ደክሟት ቆመች። ወዳጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«አትሳቅ!» አልኩት።

«ወላሂ አልሳቅሁም» አለ እንባውን እየጠረገ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተው ነበር። እኔ ግን የፕላስቲኩን ክብ ነገር ሳይ የአማቼ ፊት ታየኝ፤ ያው ክብ፣ ያው የሚያብረቀርቅ። ተመልሼ ወጣሁ። አሁን እንደ ሰው ተራመድኩ፤ ሄደችልኝ። በእያንዳንዱ እርምጃ አማቼን ረገጥኩት። ቀኝ ሆዱን፣ ግራ ሆዱን። ጥሩ ይዤ ሳለ ግን ግድግዳው መዞር ጀመረ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ወዳጄ በክንዴ ይዞ አወረደኝ።

«ምን በልተህ ነው የመጣኸው?»

«ጾም ነው እኮ።»

«ውሃስ?»

«ጾም ነው እያልኩህ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቴ ልትሞትብኝ ነው የመጣኸው? እኛ በረመዷን የምንሠራው ካፈጠርን በኋላ ነው። ጾምህን ፍታና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እህል ቀምሰህ ና። በባዶ ሆድህ ደረጃዬን እንዳትወጣ።»

ከንፈሬ አብጦ ቤት ስገባ ሚስቴ ደነገጠች። «ምን ነካህ?» አለችኝ። «ዞሮብኝ ከበር ጋር ተጋጨሁ፤ ደም ግፊት ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። ውሸት እንዲህ በቀላሉ ሲመጣ ይገርማል። እሷ ግን አመነችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወጡ ጨው አወጣች። ምስር ያለ ጨው፣ ሽሮ ያለ ጨው፣ ጎመን ያለ ጨው። ጾም ነው፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ ጨውም ተወሰደ። እሷም ከእኔ ጋር ያለ ጨው ትበላለች፣ አንተ ፊት እንዴት ብዬ ጨው እጨምራለሁ እያለች። እያንዳንዱን ጉርሻ በአማቼ ስም ዋጥኩት። ይህም ይቆጠርብሃል አልኩ በሆዴ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በየቀኑ ሄድኩ። ወቅቱ የበዓል ልብስ የሚጎርፍበት ነው፤ ሱቄ ውስጥ ያልተቆረጠ ጨርቅ እንደ ክምር ተቆልሎ ደንበኛ «የት ሄደ?» ይላል፣ እኔ ፎቅ ላይ እረግጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስሄድ ሳንባዬ ያፏጭ ነበር፤ እየቆየ ዝም አለ። ቀኝ እጄም መዘውር መፈለግ ተወ፤ እንዲያውም ሱቅ ውስጥ አንድ ቀን ስፌት መኪናው ወደ ኋላ ዞሮ ክሬን በጠሰብኝ። መብራት ሲመጣ ወዳጄ «በል አሁን የመሮጫዋን ሞክራት» አለኝ። አልሄድም አልኩ። ከዚችኛዋ ጋር ተግባብተናል። ያቺኛዋ መብራት ሲጠፋ የምትከዳ ናት፤ እኔ የሚከዳ ነገር አልወድም።

ግጥሙም እዚያው ላይ ነው የመጣልኝ፤ የማሽኗ ርግጫ ለቤት መምቻ ይመቻል። አማቼ ቅኔ ቤት ቆይቷል፤ እኔ ግን ወገቡን ለክቼዋለሁ። ሱሪዎቹን የምሰፋው እኔ ነኝ። በበዓል በበዓሉ «ትንሽ አስፋልኝ» ብሎ በአውቶቡስ ይልካቸዋል። ልብስ ሰፊ የሰውን ልክ አያወራም፤ የሰው ወገብ እንደ ንስሐ ነው፣ ሰምተህ ዝም የምትለው። እኔ አፌን ከፍቼ የማንንም ልክ ተናግሬ አላውቅም። ለአማቼ ግን ልከፍተው ወሰንኩ። ዘንድሮም ሱሪው መጣ። ለካሁት። እሰይ! ሌላ ጨርቅ መሀሉ ካልተጨመረ የማይበቃ ሆኖ አገኘሁት። ስፌቱን ላላ አድርጌ ሜዳ ላይ ሲሮጥ እንዲተረተርበት ሰይጣን ሹክ ብሎኝ ነበር። ግን ሱሪ ቢተረተር የሚሳቀው በልብስ ሰፊው ነው። አጥብቄ፣ ደግሜ ደጋግሜ ሰፋሁለት። እንዲያ ጥሩ አድርጌ የሰፋሁት ሱሪ የለም።

ገና ደረሰ። ቢቸና ሄድን። ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ጾም ገድፈን፣ ከሰዓት ሜዳ ወጣን። አማቼ እኔ የሰፋሁለትን ሱሪ ለብሶ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ «አማቼ፣ ዘንድሮስ ወንበርህን ይዘህ መጣህ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ዝም። ዝም አይነቅዝም።

ጨዋታው ሲጀመር አልቸኮልኩም። ጥንጓ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ሰዉ ሲንጋጋ፣ አቧራው ሲነሳ ቆየሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንዱ የኛ ሰው መትቷት ወደ እኔ ተንከባለለች። አማቼ አጠገቤ ነበር። ይዤ ወጣሁ፤ ተከተለኝ። ኮቴው ይሰማኛል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። መጀመሪያ ትንፋሽ ነበር፣ ከዚያ ማቃሰት ሆነ። ድንበሩ ሩቅ አልነበረም፤ ቀጥ ብዬ ብሄድ ያልቅ ነበር። ግን ቶሎ እንዲያልቅለት አልፈለግሁም። ቀስ አልኩለት። ሊደርስብኝ ዱላውን ሲሰነዝር ሄድኩ። ደግሞ ቀስ አልኩለት። ደግሞ ሄድኩ። ሰው ገባው፤ ላይ ሰፈር በሙሉ መጮህ ጀመረ። ዞሬ ሳየው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ አፉ ተከፍቷል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልዋሽላችሁ አልችልም። የልጅ መወለድ አይቻለሁ፣ የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጥንጓን ድንበሩን አሳለፍኳት። እሱ ዱላውን ተደግፎ መሀል ሜዳ ቀረ።

አመሻሽ ላይ እኛ ላይ ሰፈሮች እየጨፈርን አማቴ ግቢ ገባን። አማቴ በራቸው ላይ ተቀምጠው «ኑ ግቡ ልጆቼ፣ እስቲ ዘንድሮ ደግሞ ማንን ልትፈጁት ነው?» አሉ። ታች ሰፈሮች በአንድ ወገን ቆሙ፣ አማቼ ከፊት። ሚስቴ ከሴቶቹ ጋር በረንዳው ላይ ናት። የቆመችበትን አስቀድሜ አይቼዋለሁ። መሀል ገባሁ። ዱላዬን አነሳሁ፦

እህሉን የት ይሆን የሚያከማች ስል፣
ሱሪውን ብለካው ጎተራ ያህል።

ሳቁ መጣ። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ሳቅ ደግሞ የእሷ ነበር። ከት ብላ፣ እጇን እያጨበጨበች፣ ልክ እንደ አምናው። ያለ ጨው የበላሁት ሁሉ፣ ያበጠው ከንፈሬ፣ ያ ሁሉ ርግጫ፣ ሁሉም በዚያች ሳቅ ተከፈለኝ። ሰዉ ግጥሙን ተቀብሎ ደጋገመው፤ ልጆች ሱሪውን እያሳዩ ይዘላሉ። እኔ አማቼን አየሁት። እሱ ግን እኔን አላየኝም። ዓይኑ በረንዳው ላይ ነበር። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ ወረወረና በሕዝቡ መሀል ሰንጥቆ ከግቢው ወጣ።

በገና ተቆጣ! ያውም እሱ፣ ስንቱን ሲሰድብ የኖረው! «ኧረ በሕግ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሌላው «ጉድ በል ጎንደር» አለ። በነጋታው ቁርስ ላይ አልመጣም። ከሰዓትም አልመጣም። ከተማው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ልጆች «ተቆጣ ተቆጣ» ሲሉ ሰማሁ። ስም ወጣለት። እኔ ያወጣሁለት ስም እንኳ አልነበረም፤ ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው። ቂሜ ጠገበ፣ ጠግቦም አገሳ።

ወደ ሞጣ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሚስቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ ግጥሜን በልቤ እደጋግማለሁ። ግንደወይን ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰዉ ቆሎና ሙዝ ሊገዛ ወረደ። እኛ ቀረን።

«ደስ አለህ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ደስ አለኝ። አንቺስ? እንዲያ ስትስቂ ነበር።»

ዞራ አየችኝ። «አንተ ምን መሰለህ የሳቅሁት?»

«አምና በእኔ ሳቅሽ፣ ዘንድሮ በሱ። ተካካስን።»

«በማንም አልሳቅሁም» አለች። «የገና ስድብ የቤት ሰው ላይ ሲወርድ የቤት ሴት ቀድማ ትስቃለች። እሷ ካልሳቀች ሰዉ ሁሉ የተሰዳቢውን ፊት ያያል፤ ስድቡ እውነት ይሆናል። ከሳቀች ዓይኑ ወደ እሷ ይዞራል፣ ጨዋታ ሆኖ ያልፋል። እማዬ ለአባታችን እንዲህ ስታደርግ ነው ያደግነው፣ የአገሩ ሴት ሁሉ ያውቀዋል። ለወንዶቹ አይነገርም፤ ከተነገረ ምኑን ሸፈነ?»

«ታዲያ አምና...»

«አምና ፊትህ ጠቁሮ ነበር። ከሁሉ በፊት አየሁህ። ሳቅሁልህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንቴ ምን ሆነሃል አልኩህ? ምንም ትለኛለህ።» መሀረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። «አሁን ደግሞ እሱ። ግጥምህ እኮ ምንም አላደረገውም፤ ስንት የባሰ ሲሰደብ ስቆ ያልፋል። የኔን ሳቅ ሰምቶ ነው ዱላውን የጣለው። እህቴ ከባሏ ጋር ሆና ሳቀችብኝ ብሎ ነው። ወንድሜን አውቀዋለሁ።»

እኔም አወቅሁት። ከማንም ይልቅ እኔ አወቅሁት። ያን ሳቅ ይዞ እንዴት እንደሚታደር፣ ቅልጥም እየበሉ እንዴት እንደሚያንቅ፣ «ምን ሆነሃል» ሲሉት «ምንም» ማለት ምን እንደሆነ። ለካ ያ ሁሉ የረገጥኩት፣ ያ ሁሉ ቤት የመታሁት ግጥም ጭረት እንኳ አልጣለበትም። የወጋው የራሴ ሚስት ሳቅ ነው፤ እኔን የወጋኝ ያው ሳቅ።

«ደውልለት» አለችኝ። «ከኔ ቢሰማው ማባበል ይመስለዋል። ካንተ ከሰማው ያምናል፤ አንተም ተቃጥለህበታላ። አንድ ቃል ነው፣ ለኛ ስቃ ነው በለው።»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ስሙን አገኘሁት። ሰዉ ቆሎውን ይዞ መመለስ ጀምሯል፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ሞጣ! ሞጣ!» ይላል። ሚስቴ እጄን እያየች ትጠብቃለች። አንድ ዓመት እኔ ተቃጥዬበታለሁ አልኩ በሆዴ። አንድ ዓመት።

«ኔትወርክ የለም» አልኳት፣ ስልኩን ወደ ኪሴ እየመለስኩ።

ነበረ።